ከቆርቆሮው ሥር የተገኘው የከሰል ማማ

መሐል ሜዳ ውስጥ ወሰንየለሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ብርድ መትቶት አያውቅም ማለት ነው። የበግ ጠጉር አጥባ፣ ነድፋ፣ ፈትላ የምታሠራው ባና አንዴ ትከሻ ላይ ካረፈ የጓሳ ውርጭ የፈለገውን ቢል አይደፍርም። ሴትዮዋ እጇም አያርፍ፣ አፏም አያርፍ። እንዝርቷን እያሾረች የተጣላ ታስታርቃለች፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያልተጣላ ታጣላለች። እግዜር ደግሞ ሲያመጣው ባሏን ወዳጆን ዝምተኛ አድርጎ ሰጣት።

ወዳጆ ገና በጎረምሳነቱ ድሬዳዋ ወርዶ ምድር ባቡር ተቀጠረ። ሥራው እንጨት ነበር፤ የፉርጎ ወለል ይለውጣል፣ በር ይገጥማል፣ የመንገደኛ ወንበር ይጠግናል። ያገባት ጊዜ እሷንም ይዟት ወርዶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የመንዝ ልጅ ለዚያ ሙቀት አልተፈጠረችም። ዓመት ሳይሞላት ወባ ጣላትና አጥንቷ ቀርቶ አገሯ ገባች። ከዚያ በኋላ እሷ ገብሱንና በጎቹን ይዛ አማቷን ስትጦር፣ እሱ ለፋሲካና ለመስቀል ብቅ እያለ ሲመለስ፣ እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዕድሜያቸው ሄደ። አንዲት ልጃቸው ማርያማዊት አባቷን በበዓል እንጂ በዘወትር ልብሱ ሳታየው ነው ያደገችው።

ጡረታ ወጥቶ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመጣ ወሰንየለሽ ሙክት አሳርዳ ተቀበለችው። "እንግዲህ ትዳር ዛሬ ጀመርን" አለች ለጎረቤት። ጀመሩ እንዴ? ሰውየው ይበላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ አጥር ያጥራል፣ ከዚያ ቁጭ ነው። ስለ ድሬዳዋ አንድ ቃል አይተነፍስም። እሷም ስለ ሌላው ሁሉ ስትጠይቅ ውላ ስለዚያ አትጠይቀውም። ያቺን ከተማ በስሟ መጥራት እንኳ አትወድም፤ "ያ ቆላ" ነው የምትላት። ነገሩ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ሆነ።

ሲቆይ ወዳጆ ድሮ ገብስ ይቀመጥባት ወደነበረችው ክፍል መጋዝና ሞረድ ይዞ ገባ። ወሰንየለሽ የበግ ጋጣ በር ሊሠራ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። የሠራው ባቡር ነው። ትንሽዬ ባቡር! ራሷን ከወይራ ፈልፍሎ፣ ፉርጎዎቿን ከጽድ አበጅቶ፣ ሐዲዱን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ክፍሏን ዙሪያውን በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ጣቢያ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ዛፍ ሳይቀር አለው። ባቡሯ በራሷ አትሄድም፤ በጣቱ ይገፋታል። የሰፈሩ ሰው እየመጣ አየ፣ ሣቀ፤ "ጋሼ ወዳጆ፣ የደብረ ብርሃኑ መቼ ነው የሚነሣው?" እያለ ተሳለቀ። ወሰንየለሽ መጀመሪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በኋላ ግን ሰውየው እዚያ ክፍል ሲገባ ፊቱ እንደሚፈታ አየችና ተወችው።

ከጣቢያው አጠገብ የትከሻ ስፋት የምታህል ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። አንድ ቀን "ይቺስ ምነው ባዶዋን ቀረች?" አለችው።

"ባቡር ከሰል የሚጎርስበት የከሰል ማማ ይቆምባታል።"

"ታዲያ አታቆመውም?"

"በግምት አልሠራም" አለና አለቀ። ወሰንየለሽም ነገሩን እዚያው ረሳችው።

አሁን ሆዷን ገልጠን እንየው ካልን፣ ወሰንየለሽን የበላት ዝምታው ብቻ አልነበረም። እዚያ ቆላ ሴት አለችው ብላ ነው። ምስክር የላትም። ግን ወንድ ልጅ ያን ሁሉ ዘመን ብቻውን ይኖራል? አካሉ መሐል ሜዳ ሆኖ ልቡ ሌላ አገር የቀረው፣ ልቡን የያዘችበት ብትኖር አይደል? ይህን ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች። በየሌቱ ደግሞ ሆድ ሲፈጀው ይሰማታል።

በዘንድሮው ጥምቀት ማግስት የወዳጆ ዓይን ሞራ ባሰበት። ደብረ ብርሃን የምትኖረው ማርያማዊት መጥታ ለማስገፈፍ ወሰደችው፤ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ በሚኒባስ ሄዱ። ወሰንየለሽ ረቡዕ ጠዋት "ሲኖር አያስነካኝም፣ ዛሬ አገኘኋት" ብላ መጥረጊያ ይዛ ወደ ባቡሯ ክፍል ገባች። ወለሉን ጠረገች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የጣራውን የሸረሪት ድር ለማውረድ መጥረጊያውን ወደ ላይ ስትሰነዝር ከወራጁና ከቆርቆሮው መካከል አንድ ጥቅል ወረቀት ዱብ አለ።

በቀይ ክር ታስሯል። ፈታችው። ያረጀ፣ ቢጫ የመታው ወረቀት ነው። አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ላይ ተደርድሮ፣ በየማዕዘኑ ውስጥ መስቀለኛ መስመር ተሰምሮበታል። ዳር ዳሩን ቁጥር ሞልቶታል፤ ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ከላይ በኩል መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት ትልቅ ክብ አለ፤ ልክ እንደ ዓይን ያፈጥጥባታል። እንግዲህ በእኛ አገር ከጣራ ሥር በቀይ ክር የታሰረ ወረቀት ተሸጉጦ ሲገኝ "ምን ይሆን?" ተብሎ አይጠየቅም። መተት ነው።

ጎረቤቷን ደብሪቱን ጠራቻት። ደብሪቱ ከደጃፉ አላለፈችም።

"በእጅሽ ነካሽው?"

"ነካሁት እንጂ፣ በምን ልፈታው ኖሯል?"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። ይሄ የቆላ ሥራ ነው። ያን ዓይን አየሽው? የሰውየው ዓይን ሞራ ከየት የመጣ ይመስልሻል?"

ወሰንየለሽ ክው አለች። ከዚያ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከድንጋጤዋ ሥር አንድ ደስታ ብቅ ሲል ተሰማት። ለካ ሰውየው ጠልቷት አይደለም። ታስሮ ነው! ዓይኑም አንደበቱም ልቡም በዚች ወረቀት ታስሮ ነው። ያቺ ቆለኛ፣ ማንም ትሁን ማን፣ ሥራዋ ተገኘባት። በጉጠት አንሥታ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረችውና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የነፍስ አባቷ መምሬ ዓምደ ሚካኤል በጓሳ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ነው የሚያገለግሉት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ምንም ነገር የማያስቸኩላቸው አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ገለጡት፣ ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ አራቁት።

"ከማን ቤት ተገኘ?"

"ከራሴ ቤት፣ አባቴ። ባሌን ያሰሩበት ነው።"

"ማን አሰረው?"

"እሱን እግዜር ያውቃል" አለች፤ ሴትዮዋን አሁንም ደበቀቻት። "ይቃጠል አይደል?"

"መቃጠል የሚገባው ይቃጠላል። እኔ ዘንድ ተይው። እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ሂጂ።"

ወሰንየለሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። ሐሙስን እያንጎራጎረች ዋለች። ለደብሪቱ ከአዲሱ ፈትል አንድ ልቃቂት ሰጠቻት፤ ምክር በነፃ አይሄድም ብላ።

ዓርብ ጠዋት ማርያማዊት ደወለች። "እማዬ፣ በሰላም ገፈፉለት። ነገ ፋሻውን ይፈቱለታል። ሐኪሙ እንዳይበሳጭ፣ እንዳያለቅስ፣ እንዳያጎነብስ ብሏል። እንኪ፣ አናግሪው።"

"ወሰኔ!" አለ ወዳጆ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። "ስሚኝማ፣ ሳልነግርሽ ሄድኩ። ሰኞ ማታ አንቺ ለቅሶ ቤት ነበርሽ። ፕላኑ መጣ!"

"የምን ፕላን?"

"የከሰል ማማው ነዋ! እኔ ስቀጠር እኮ ማማው ፈርሶ አራት ቋሚው ብቻ ነበር የቀረው። እንዴት እንደቆመ ሳላውቅ በምን ልሥራው? አብሮኝ ይሠራ የነበረው በኃይሉ ስንት ዓመት ሲያፈላልግልኝ ኖሮ ከሟቹ አለቃችን ልጆች ቤት አገኘው። በሹፌር ላከልኝ። ያው የሱም ስልክ እንደኔው ባለ ቁልፍ ነው፣ ፎቶ አያነሣ። ሌላ ቅጂ የለውም፣ ያቺው አንዲቷ ናት። አይጥ እንዳይበላት ከወራጁና ከቆርቆሮው መሐል ሸጉጫታለሁ። እንዳትነኪያት እሺ? እሑድ ስመጣ በጠራ ዓይኔ መጀመሪያ የምገልጠው እሷን ነው።"

ይህን ያህል ቃል ከወዳጆ አፍ በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። ወሰንየለሽን ንገሪው ንገሪው አላት። ዓይኑ በፋሻ ታስሮ፣ እንዳያለቅስ የተባለ ሰው ምን ተብሎ ይነገረዋል?

"እሺ" አለች። በዕድሜዋ አንድ ቃል ብቻ መልሳ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው። ወሰንየለሽ ግን የሚለቀም መቼ አላት፣ አመድ ነው እንጂ። ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በጉሙ ውስጥ ሽቅብ ወጣች። በዚያ ሽቅብ ላይ ስለ ወረቀቱ ብቻ አልነበረም የምታስበው። ስንት ዘመን ሙሉ "ምነው አትናገርም" ብላ በልቧ ስትወቅሰው ኖራ፣ ዛሬ ሲናገር፣ ያናገረውን ነገር በገዛ እጇ ለእሳት ሰጠችበት። እሑድ መጥቶ እጁን ወደ ወራጁ ሰድዶ ሲያጣው ምን ይሆናል? ከዚያ በኋላማ መቼም አፉን አይከፍትልኝም አለች። ያቺ ቆለኛ እንኳ እንዲህ ያለ ግፍ አልሠራችበትም፤ ካለች።

ደብሩ ስትደርስ መምሬ አልነበሩም። ጉሙ ተገፎ ዘበኛው አወቀ ከበሩ ሥር ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

"ለጸሎት ወጣ ብለዋል፣ አሁን ይመለሳሉ።"

"አንተ አወቀ፣ ረቡዕ ያመጣሁላቸው ወረቀት ምን ሆነ?"

"የጠንቋዩ ነገር? ትናንት ከጽዱ ሥር እሳት አስነድተውኝ፣ ሰው ሁሉ ያመጣላቸው ክታቡ በለው፣ ጨሌው በለው፣ ያልነደደ የለም። ሽታውስ ብትይ።"

ወደ ጽዱ ሄደች። አመዱ ገና አልተበተነም፤ በእንጨት ቆሰቆሰችው። የተሰነጠቀ ጨሌ፣ የጠቆረ ቆዳ፣ ሌላ ምንም የለም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ነጠላ ዘቅዝቃ፣ በደንቡ አይደለም፤ በትር እንደጠፋበት ልጅ፣ አፏን ከፍታ ነው ያለቀሰችው።

መምሬ ሲመለሱ እንዲያ ሆና አገኟት። "ምነው ልጄ? ማን ሞተ?"

ሁሉንም አፈሰሰችው። የስልኩን፣ የፕላኑን፣ የባሏን ድምፅ። ስለ ቆላዋ ሴትም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፣ ስሟን የማታውቃትን፣ መልኳን የማታውቃትን። መምሬ እጃቸውን መቋሚያቸው ላይ አነባብረው ሰሙ።

"የከሰል ማማ አልሽ?"

"አዎ አባቴ። ባቡር ከሰል የሚበላበት ነው መሰለኝ። እንደ ጎተራ ያለ፣ ከፍ ያለ እንጨት።"

"ለዚያች ለምትገፋዋ ባቡር?"

"ለሷ።"

መምሬ ዘወር ብለው ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ገብተው ቆዩ፤ የሚያስቸኩላቸው የለማ። ሲወጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

ወሰንየለሽ ጨርቁን ስትገልጠው ያ ክብ ዓይን አፈጠጠባት። እንዲህ ያለ የሚያምር ዓይን አይታ አታውቅም። ከእግራቸው ሥር ተደፋች፤ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ወረቀቱን ሳመች፣ የቆሙበትን መሬት ሳመች። እያለቀሰች ትሥቃለች።

"ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆንሽ" አሉ መምሬ።

"አወቀ ነደደ አለኝ እኮ!"

"የነደደው ሌላ ነው። ክታቡን አነበዋለሁ፣ ግእዝ ነው። ስመ አምላክ ያለበትን ቀድጄ አስቀርቼ የቀረውን ለእሳት ሰጠሁት። ይሄን ግን ፊደሉን አላውቀው። የጌታ ስም ይኑርበት አይኑርበት በምን ልለየው? የእግዚአብሔርን ስም በእሳት ሰድጄ ብገኝ ለእኔ ማን ይጸልይልኛል? የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ ሰው እስኪያልፍ ብዬ ከመጻሕፍቱ ጋር አኖርኩት።" ትንሽ አሰቡና "ጠበል ግን ረጭቼበታለሁ። በዚህ በኩል ትንሽ ረጥቧል። ይቅር በይኝ" አሉ።

"ጠበል ምን ይላል አባቴ!" አለች ወሰንየለሽ። ከደረቷ ላይ የወረደው ሸክም እዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ቢታይ የአንድ በቅሎ ጭነት ይወጣው ነበር። አየሩን ሳበችው። ያ ሁሉ ብርድ ጣፈጣት።

ልትሄድ ስትል መምሬ አስቆሟት። "ንስሐሽን ሳትቀበዪ?"

"ለወረቀቱ?"

"ወረቀቱስ ስሕተት ነው። ባልሽን ሳትጠይቂ ስንት ዘመን በሆድሽ መክሰስሽ ነው ኃጢአቱ።"

"ስንት ልስገድ?"

"ስግደት ለአንቺ ይቀልሻል። ጠይቂው። ንስሐሽ እሱ ነው፣ ጠይቂው።"

እሑድ ከሰዓት ወዳጆ ጥቁር መነጽር አድርጎ ገባ። ማርያማዊት ሻንጣውን ሳታስቀምጥ እሱ ወደ ባቡሯ ክፍል አለፈ። እጁን ወደ ወራጁ ሊሰድ ሲል ወሰንየለሽ ከኋላው "እዚያ የለም" አለች፤ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ሰጠችው።

"ምነው፣ እንዳትነኪው ብዬሽ?"

"ስትለኝ ነክቼው ነበር" አለችና ነገረችው። ጉጠቱን፣ ማዳበሪያውን፣ መምሬን፣ አመዱን። ሸፍና ማለፍ ትችል ነበር፣ ማን ያውቅባታል? አልሸፈነችም። ይሄን ጊዜ ነው ሰውየው እንደገና የሚዘጋው ብላ ግን ሰጋች።

ወዳጆ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መነጽሩን አወለቀ። በጣቱ መስመሩን ከታች ወደ ላይ ተከተለው።

"ዓይን ያልሽው ይሄን ነው?"

"እሱን ነው።"

"ይሄማ መዘውሩ ነው። የከሰሉን ባልዲ ወደ ላይ የሚስበው።" ጣቱ የረጠበችው ቦታ ላይ ቆመ። "ይቺስ?"

"ጠበል ናት።"

ወዳጆ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወሰንየለሽ አለቀሰ ብላ ደነገጠች። እየሣቀ ነው። "እንግዲያው ይሄኛው ማማ አይፈርስም" አለ። እሷም ሣቀች፤ ከበሩ ላይ የቆመችው ማርያማዊትም ሣቀች። አባቷ እንዲያ ሲሥቅ ያየችው ያኔ ነው። እናቷ በዓይኗ ስታመለክታት ግን ነገሩ ገባትና ሻንጣውን ይዛ ወደ ውስጥ አለፈች።

"ወዳጆ" አለች ወሰንየለሽ። "ንስሐ ተሰጥቶኛል፣ ልጠይቅህ።"

"ጠይቂኝ።"

"እዚያ ሴት ነበረችህ?"

ወዳጆ መልሶ ወረቀቱን አላየም። እሷን ነው ያያት። "አልነበረችኝም" አለ። "እሱን ነው ስንት ዓመት ይዘሽ የኖርሽው?"

"ምን ላርግ? ስለዚያ አገር ትንፍሽ አትል!"

"አንቺ ነሻ አገሩን የጠላሽው። ስሙን እንኳ አትጠሪም። ታመሽበታል፣ ልትሞቺበት ነበር። ስለዚያ ባወራሽ የማስከፋሽ መሰለኝ።"

ያን ሁሉ ዘመን ከሷ የሰወረባት ነገር አለ ብላ ስትባዝን፣ ሰውየው ለሷ ሲል ነው አፉን የዘጋው። አለቀሰችም ሣቀችም ለማለት ይቸግራል፤ ፊቷ ሁለቱንም ሠራ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ማማ ነበር?" አለች። "እስቲ አሳየኝ፣ ከሰሉ በየት በኩል ነው የሚገባው?"

ወዳጆ ወንበሩን ሳበላት።

"ቁጭ በይ" አላት፣ "ረጅም ነው።"

ቁጭ አለች።